እርካቡን አሳጥሩልን!

ጎበዝ! ዛሬ ስለ ቁመት ነው የምናወራው። ስለ ቁመት ሲወራ ደግሞ ቀድሞ የሚያመው እኛን ነው። 155 ሴንቲ ሜትር ነን። (ተረከዝ ሳይጨመር። ሲጨመርም ብዙ ለውጥ የለውም።) ጋዜጠኝነት ተምረን ስንመረቅ ጋዋናችንን መሬት ለመሬት እየጎተትን የተነሣነው ፎቶ ዛሬም እናታችን ሳሎን ተሰቅሎ እንግዳ ያስቃል። እሱን ችለናል። የማንችለው ሌላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ቆሰበር፣ ስሙን በማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ነርስ ወዳጅ አለችን። ቁመቷ ከኛ ሁለት ጣት ያንሳል። ቀበሌ ለቀበሌ እየዞሩ ጤና ኬላዎችን የሚደግፉበት የሥራ መደብ ክፍት ሆነና አመለከተች። ልምዱ አላት። የሞተር መንጃ ፈቃድም አላት። የቃል ፈተናውንም አለፈች። በመጨረሻ ግቢው ውስጥ የቆመችውን ሞተር አምጥተው «እስኪ ውጪባት» አሏት። ወጣች። የሁለት እግሮቿ ጣቶች ጫፍ ብቻ መሬት ነኩ። ሞተሯ ወደ ቀኝ ዘመም ስትል ጥበቃው ሮጦ ደገፋት። ግቢው በሙሉ ሳቀ። ሰብሳቢውም እየሳቁ «እግርሽ ሲረዝም ትመጫለሽ» አሏት።

መደቡ ለማን እንደተሰጠ ታውቃላችሁ? ለአንድ ረጅም ወንድማችን። መንጃ ፈቃዱን ያወጣው ከተመደበ በኋላ ነው!

እንግዲህ ፍረዱ። ፈቃድ የሌለው እግር ፈቃድ ካለው እግር በለጠ። ሰውዬውን አንወቅሰውም፤ ረጅም ሆኖ መፈጠር ወንጀል አይደለም። የምንወቅሰው ያቺን ሳቅ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንድ እንኳን «ቆይ፣ ሞተሯን ዝቅ ብናደርጋትስ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሰውን ከወንበር ማውረድ ቀላል ሆነ፤ ወንበሩን ከሰው ጋር ማስተካከል ግን ማንም አላሰበውም።

የፈረስ አገር ሰው እንዲህ ይላል?

የሚገርመን ይኼ የሆነው ሌላ ቦታ ሳይሆን ቆሰበር መሆኑ ነው። በመንግሥት ወረቀት እንጅባራ፣ በኛ አፍ ቆሰበር። የአዊ ዋና ከተማ። የፈረስ አገር!

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ አባላት እንዳሉት ይነገራል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሶች በጌጥ ደምቀው ሲወጡ፣ ጉግሱና ሽምጡ ሲቀልጥ፣ አድዋ ላይና በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ከአርበኞች ጋር የዘመቱት ፈረሶች ሲወደሱ አድገናል። ማንም የቆሰበር ልጅ ስለ ኮርቻ ሁለት ነገር ሳያውቅ አያድግም። አንደኛ፦ ኮርቻ ላልቶ ከተጫነ ይገለብጣል። ሁለተኛ፦ እርካብ እንደ እግሩ ልክ ነው።

እንደ እግሩ ልክ! አባት ለራሱ ያስረዘመውን የእርካብ ጠፍር ልጁ ሲወጣ ያሳጥርለታል። የ12 ዓመት ልጅ ተጭኖ የቀረበለት ፈረስ ላይ ሲወጣ ከአዋቂዎቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን ይስባል፣ ቋጠሮውን ያጠብቃል፣ «እግርህ ደረሰ?» ይላል። ካልደረሰ እንደገና ይስባል። «እግርህ ሲረዝም ትመጣለህ» ያለ ፈረሰኛ በዕድሜያችን አልሰማንም። ቢልማ የፈረሰኛ ዘር በአንድ ትውልድ ባለቀ ነበር።

ታዲያ ነፍስ ያለው፣ የሚደነብረው፣ የሚራገጠው ፈረስ ለጋላቢው እንዲመች ዕቃው ከተስተካከለ፣ ብረትና ጎማ የሆነ ሞተር ከፈረስ የሚከበረው በምን ሒሳብ ነው?

ሞተር ዝቅ ይላል ወይ?

እኛም ብንሆን ይኼን ያወቅነው ከመጽሐፍ አይደለም። የሱዳኑ ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ከካይሮ ተነሥተው ኬፕ ታውን ድረስ በሞተር የሚጓዙ ፈረንጆች በመተማ ገብተው፣ ጎንደርንና ባህር ዳርን አልፈው፣ በዋናው አስፋልት በከተማችን በኩል ወደ አዲስ አበባ ይወርዱ ነበር። አንድ ቀን ቡና ልንጠጣ ከተቀመጥንበት በር ላይ ጎተራ የሚያህል ቢ ኤም ደብሊው ቆመ። ጎንና ጎኑ የቆርቆሮ ሳጥን ተጭኖበታል። ነጂው ሄልሜቱን ሲያወልቅ ሴት ሆነች። ስትወርድ ደግሞ ከኛ እኩል ሆነች! ከዚያ በኋላ ቡናው ተረሳ።

በተሰባበረ እንግሊዝኛችን «እንዴት ትደርሺያለሽ?» አልናት። ሳቀችና «እኔ አልደርስም፤ እሱ ነው የሚደርሰኝ» አለችን። አስፋልቱ ዳር ቁጢጥ ብላ አንድ በአንድ አሳየችን፦ የተቀነሰውን መቀመጫ፣ የተቀየረውን የኋላ ሾክ አብዞርበር፣ የተቆረጠውን የማቆሚያ እግር። ያ ዓይነቱ የረጅም ጉዞ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ መቀመጫው ከመሬት 85 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ክብደቱ ከነነዳጁ ወደ 250 ኪሎ ይጠጋል። እሷ ግን የምትነዳው እንደ ብስክሌት ነበር።

ኋላ ላይ አጣርተን ስናነብ ነገሩ የአንዲት ሴት ብልሃት ብቻ እንዳልሆነ ገባን። ቢ ኤም ደብሊው ራሱ ይኼን ሞተር ዝቅ ባለ ሾክ አብዞርበር አዝዞ መግዛት እንዲቻል አድርጎታል። ሀርሊ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ፓን አሜሪካ የተባለ የጉዞ ሞተር፣ ይኼ መሣሪያ ከተገጠመለት፣ ሲቆም በራሱ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ሲንቀሳቀስ ተመልሶ ከፍ ይላል። ቢ ኤም ደብሊውም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው አር 1300 ጂ ኤስ ላይ ሲቆም በ3 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ተመሳሳይ ነገር በአማራጭ አቀረበ። አያችሁ? የዓለም ትልልቅ የሞተር ፋብሪካዎች መሐንዲስ ቀጥረው፣ ገንዘብ አፍስሰው ያረጋገጡት የቆሰበር አባት በጠፍር የሚሠራውን ነገር ነው። ዕቃው ወደ ሰው ይወርዳል። ሰው ወደ ዕቃው አይለጠጥም።

በኛ ከተማ የሚሠራበት መላ

«የፈረንጅ ሞተር ለፈረንጅ» የምትሉ አትቸኩሉ። የኛዎቹ የመስክ ሞተሮች፣ እነዚያ ለገጠር መንገድ ተብለው የሚገዙት 125ና 150 ሲሲዎች፣ ከዚያ ግዙፍ በጣም ይቀላሉ። ለምሳሌ ሆንዳ ኤክስ አር 150 ክብደቱ 130 ኪሎ ገደማ ነው፤ መቀመጫው ደግሞ 82 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሴት አማካይ ቁመት ከ160 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። እኛ 155ቱ ደግሞ ከብሽሽት እስከ ተረከዝ ብንለካ 71 ወይም 72 ሴንቲ ሜትር ነው የምንወጣው። በ72 እና በ82 መካከል ያለው 10 ሴንቲ ሜትር ነው እንግዲህ ያቺን ነርስ መደብ ያሳጣት። አንድ ጣሳ የማይሞላ ርቀት!

ይኼ 10 ሴንቲ ሜትር ሙሉ በሙሉ መጥፋት የለበትም። ሁለቱም ተረከዝ መሬት ካልነካ አይነዳም ያለ የለም። የአንድ እግር ፊተኛው መዳፍ ጠበቅ አድርጎ መሬት ከያዘ ይበቃል፤ ሌላው እግር ፍሬን ላይ ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ነው። ከየት ይመጣል?

አንደኛው ከመቀመጫው። ሽፋኑን ገልጦ ስፖንጁን ከፊት ለፊትና ከጎን መላጨት ነው። የመኪና ወንበር የሚሰፋ ባለሙያ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ከጎን መላጨቱ በተለይ ጠቃሚ ነው፤ ጭናችንን የሚበረግደው የመቀመጫው ስፋት ስለሆነ። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር እዚህ ተገኘ። ስፖንጁ ሲሳሳ ቂጥ ትንሽ ይቆረቁራል፤ ከቢሮ ወንበር የከፋ ግን አይደለም።

ሁለተኛው በነጻ ነው። የኋላው ሞላ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚስተካከለው ከኛ በጣም ለሚከብድ ሰው ነው። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት ስትቀመጥበት ሞላው ሰላምታ እንኳን አይሰጣትም፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሞላውን ወጥሮ የያዘውን ቀለበት በቁልፍ ማላላት ነው። ሞተሩ ነጂው ሲቀመጥበት ከሙሉ እንቅስቃሴው ሲሦ ያህል ጎንበስ ማለት አለበት። ያን ያህል ጎንበስ ካለ ልኩ ነው፤ ከዚያ በላይ ከላላ ግን ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጢም ብሎ ይመታል።

ሦስተኛው ዋናው ነው፤ ሾክ አብዞርበሩ። የኋላ ሾኩ በማያያዣ ክንድ በሚሠራባቸው ሞተሮች ላይ ያቺን ክንድ በጥቂት ሚሊ ሜትር በሚረዝም መተካት የሞተሩን ጀርባ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያወርዳል። ክንዷ የምትቆረጠው ቶርኖ ቤት ነው፤ ግን ከጠንካራ ብረት፣ በትክክለኛ ልክ፣ ሁለቱም ወገን እኩል ሆኖ። እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያሉ ሁለት የኋላ ሾክ ያላቸው ሞተሮች ደግሞ በአጭር ሾክ ይቀየርላቸዋል። ከዚያ ከፊት፣ የሹካውን ብሎኖች አላልቶ ሁለቱን ቱቦዎች በመያዣቸው ውስጥ ወደ ላይ መግፋት ነው።

ፊቱ ለምን ይነካል? ይኼ የማይታለፍ ነገር ነው። የኋላው ብቻ ከወረደ የፊት ሹካው ይጋደማል፤ መሪው ይከብዳል፤ ኩርባ ላይ ሞተሩ ወደ ውጭ ይሄዳል። መብራቱም መንገዱን ትቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። የፊቱ ብቻ ከወረደ ደግሞ መሪው ይቀብጣል። ሁለቱም ተመጣጥነው መውረድ አለባቸው። ከወረዱም በኋላ ሥራው አላለቀም። ሞላዎቹ ሙሉ በሙሉ ሲጨመቁ ጎማው መከላከያውን አለመንካቱ ይታያል፤ የፍሬን ቱቦው አለመወጠሩ ይታያል፤ ሰንሰለቱ እንደገና ይስተካከላል። የጎን ማቆሚያው እግርም ያጥራል። ካላጠረ ሞተሩ ሲቆም ቀጥ ብሎ ይቆምና የመጀመሪያው ነፋስ በሌላ ወገን ያጋድመዋል።

አንድ ነገር ደግሞ በጭራሽ እንዳይደረግ፦ ሞላ በመጋዝ መቁረጥ። «በአምስት ደቂቃ እጨርስልሻለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ሽሹ። የተቆረጠ ሞላ ይደነድናል፣ ልኩን ይስታል፣ የሚገድለው ደግሞ ቆራጩን ሳይሆን ነጂዋን ነው።

ይኼው ነው። ቶርኖ ቤት፣ በያጅ፣ ወንበር ሰፊና አንድ ቀልቡ የተሰበሰበ መካኒክ። አራቱም ቆሰበር ውስጥ አሉ። የጎደለው ብረት አይደለም። «እግርሽ ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው የጎደለው።

«ግን እኮ…»

ይኼን ስናወራ የሚመጡልንን «ግን እኮ»ዎች በቃላችን ይዘናቸዋል።

«ግን እኮ የመንግሥት ንብረት ነው፤ አይነካም።» አይነካም? ታዲያ ከኋላው የተበየደው የዕቃ መጫኛ ብረት ከሰማይ ወረደ? ለእህል ጆንያ ሲሆን ብየዳ ይፈቀዳል፤ ለሰው እግር ሲሆን ንብረት ማበላሸት ይሆናል። የምንለው ማንም እንደፈለገ ይቁረጥ አይደለም። በደብዳቤ ይታዘዝ፣ በመካኒክ ይሠራ፣ የወጣው ዕቃ ተመዝግቦ መጋዘን ይቀመጥ። ነጂ ሲቀየር ተመልሶ ይገጠም። ጠፍር ይሳባል፣ ጠፍር ይላላል።

«ግን እኮ የኛ መንገድ ድንጋይ ነው፤ ሞተሩ ከወረደ ሆዱ ይመታል።» ይኼ እውነት አለው፤ አናሾፍበትም። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፤ ክረምቱ ጭቃ፣ በጋው ኮረኮንች ነው። ሞተር በወረደ ቁጥር ከድንጋይ የሚያመልጥበት ክፍተት ይቀንሳል፤ ሞላው የሚጫወትበት ርቀትም ያጥራል። ለዚህ ነው ከመቀመጫው እንጀምር፣ ሾኩን ከሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ አንንካ የምንለው። ደግሞ ሒሳቡን ጨርሱት። ሆዱ ድንጋይ የሚነካ ሞተር ይበልጣል አደጋው፣ ወይስ ጭቃ መሀል ቆሞ ነጂዋ እግር ስታወርድ መሬት አጥታ ከነጭነቱ የሚወድቅባት ሞተር?

«ግን እኮ ዋናው ችሎታ ነው፤ አጭር ሆኖ የሚነዳ አለ።» አለ። ከመቀመጫው ሸርተት ብሎ አንድ እግር ማውረድ፣ የሚቆሙበትን ቦታ አስቀድሞ መምረጥ፣ ከፍ ያለውን የመንገድ ወገን መያዝ… ይኼ ሁሉ ይለመዳል፤ መለመድም አለበት። ግን የት? ሥልጠናው ላይ የምትቀርበው ያቺው ረጅም ሞተር ናት። መሬት ሳይነካ የሚማር ሰው የሚማረው መንዳት ሳይሆን መፍራት ነው። ዝቅ ባለው ጀምሮ፣ ልብ ሲሞላ ከፍ ማለት ይቻላል። ይኼ ለሴት ብቻም አይደለም። የማይናገሩ ስንት አጫጭር ወንድሞች እንዳሉን እናውቃለን። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ እያደረጉ ችግራቸውን የሚደብቁ! አታፍሩ፤ ኑና አብረን እንጩህ።

«ግን እኮ ጊዜው ነው ወይ?» ይኼኛው ከበድ ይላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን ውስጥ በቀጠለው ግጭት ሞተር ይዞ ከከተማ መውጣት ራሱ ስንት ጊዜ እንዳስጨነቀ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰው በሕይወት መቆየቱን እያሰበ የመቀመጫ ስፖንጅ ይወራል ወይ? እኛ ግን ነገሩን በሌላ በኩል እናየዋለን። መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሚጠራቀመው ሥራ ነው። ያልተከተበ ሕፃን፣ ክትትል ያልጀመረች ነፍሰ ጡር፣ መድኃኒት ያቋረጠ ሽማግሌ። መንገዱ በተከፈተ ቀን በፍጥነት መውጣት የሚችል ሰው ያስፈልጋል። በዚያን ቀንም ግማሾቹን «እግራችሁ ሲረዝም» ብለን ቤት እናስቀር?

ጉዳዩ የሞተር አይደለም

አንድ ነገር እንድታስታውሱ እንፈልጋለን። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ይቺ አገር ሥራውን የጣለችው በሴቶች ትከሻ ላይ ነው። ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ሠልጥነው በየቀበሌው ተመደቡ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች። ቤት ለቤት የዞሩት፣ ክትባት ተሸክመው ዳገት የወጡት እነሱ ናቸው። በእግር! በእግር ሲሆን ቁመታቸውን የለካ አልነበረም። አጭር እግር ዳገት ለመውጣት ሲሆን ይበቃል፤ ሞተር ላይ ለመውጣት ሲሆን ያንሳል። እንዴት ነው ነገሩ?

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ ካልቆየ ይበላሻል። በትከሻ በሚወርደው ሳጥን ውስጥ ያለው በረዶ ሰዓቱን ጠብቆ ይቀልጣል፤ የተሸካሚዋን ቁመት አይጠይቅም። በእግር የግማሽ ቀን መንገድ በሞተር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። የነዚያ ሴቶች ተቆጣጣሪ ልትሆን የሚገባት፣ ሥራቸውን አብራ የሠራች፣ ቋንቋቸውን በአዊኛም በአማርኛም የምታውቅ ነርስ ካርድ ክፍል ተቀምጣለች። ምክንያት? አሥር ሴንቲ ሜትር።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይኼን ነው። ሞተር የሚገዛ መሥሪያ ቤት የሞተሩን የመቀመጫ ከፍታ ከዋጋው እኩል ይይ፤ ከአምስት አንዱን እንኳን ዝቅ ያለ ይግዛ። ያለውን ሞተር ለነጂዋ የሚያስተካክል ትንሽ በጀት በጥገናው ላይ ይጨምር። ሥልጠናው ዝቅ ባለ ሞተር ይጀምር። «እግርሽ አይደርስም» የሚለው ቃል ደግሞ ከቅጥር ፈተና ይውጣ። ቁመት የመንዳት ፈተና አይደለም፤ የመንዳት ፈተና መንዳት ነው።

እናንተ የቆሰበር መካኒኮች ደግሞ፣ ይኼን ሥራ አንዳችሁ በደንብ ብትይዙት ከዳንግላም ከቻግኒም ሰው ይመጣላችኋል። የመጀመሪያዋን ደንበኛ እኛ እናመጣለን። ሁለት ጣት ከኛ ታንሳለች፤ መንጃ ፈቃዷ ግን ሙሉ ነው።

በመጪው ጥር 23 ፈረሶቹ ሲወጡ፣ አንድ አባት ጎንበስ ብሎ የልጁን እርካብ ሲያሳጥር ካያችሁ አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ እዩት። ያ ሰው ልጁን በእግሩ ርዝመት አልመዘነውም። ጠፍሩን ሳበ፣ ቋጠሮውን አጠበቀ፣ «ደረሰ?» አለ። ልጁም ጋለበ።

እኛም የምንለው ከዚያ አይበልጥም። እርካቡን አሳጥሩልን፤ ግልቢያውን ለኛ ተዉት!

ቸር ያሰንብተን።